የስድሳዎቹ አለባበስ ለኅዳር ጎንደር፦ ቀሚሱ፣ ዐይኑና ፀጉሩ እንዴት ይጣጣም?

የማራኪዋ

ሰላም እናንተዬ። ኅዳር አጋማሽ ላይ አንድ የጓደኞች ዝግጅት አለ፤ አለባበሱ «የስድሳዎቹ» ተብሏል። ከ10 ሰዓት ጀምሮ ፒያሳና ግንቡ አካባቢ ፎቶ፣ ከዚያ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ራትና ጭፈራ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62፣ ጠይም ነኝ፣ ፀጉሬ ምንም ያልነካው ሆኖ ሲሳብ ትከሻ ይደርሳል። ቀሚሱን ላሰፋ ነው፤ ካፖርትና ጫማ ከሳልቫጅ ወይም ካለው ይገኛል ብዬ አስቤያለሁ።

የምጠይቀው፦ ምን ዓይነት ቀሚስ ነው የሚሰፋው? ስንት ሜትር ጨርቅ ይፈጃል? ፎቶ ላይ የሚታየው ነጭ የዐይን ቀለምና የገረጣ ከንፈር ጠይም ሰው ላይ አመድ አይመስልም ወይ? ደግሞ ቀን ፀሐይ ነው፣ ማታ ያው የምታውቁት ብርድ ነው፤ አንድ ልብስ ለሁለቱም እንዴት ይሆናል?

ባለአልበሟ

መጀመሪያ አንድ ነገር ይጥራ፤ የማን ስድሳዎቹ? በኛ አቆጣጠር 1960ዎቹ ከተባለ በፈረንጅ ከ1967 መስከረም እስከ 1977 ነው፤ ቤልቦተም፣ ወፍራም ሶል ጫማ፣ ሰፊ ኮሌታ፣ ጎፈሬ። የፈረንጆቹ ስድሳዎቹ ደግሞ በኛ ከ1952 እስከ 1962 መግቢያ ነው። እንዲህ ዓይነት ግብዣ ላይ ግማሹ ሰው ቤልቦተም፣ ግማሹ ሚኒ ለብሶ የሚገናኘው በዚህ ነው። አዘጋጆቹን ጠይቂያቸው። ካላወቁት (አያውቁትም) ሁለቱም አቆጣጠር የሚገናኙበትን ጊዜ ያዢ፦ ከ1960 እስከ 1962 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ ከ1967 መጨረሻ እስከ 1969። ማንም «ዘመኑ አይደለም» አይልሽም።

ይህን የምለው የፈረንጆቹ አሥር ዓመት ራሱ አንድ መልክ ስላልነበረው ነው። መጀመሪያው ጉልበት የሚሸፍን ሱፍ ሙሉ ልብስ፣ ጓንትና ክብ ትንሽ ባርኔጣ ነው። መሐሉ የልብስ ዲዛይነሮቹ የለንደኗ ሜሪ ኳንትና የፓሪሱ ኩሬዥ ነው፤ ኩሬዥ በ1964 እ.ኤ.አ. ነጭ ቀሚስና ነጭ አጭር ቡትስ አወጣ፣ ኢቭ ሳን ሎራን በ1965ቱ የመጸው ስብስቡ የሠዓሊውን የሞንድሪያንን ሥዕል ቀጥ ባለ ቀሚስ ላይ አሰፈረ። መጨረሻው አፍሮ፣ ረጅም ቀሚስና ዶቃ ነው። ከሦስቱም እየቆነጠርሽ ከደረብሽ ማንንም አትመስዪም።

ሚኒው እኛ ዘንድ መድረሱን ከተጠራጠርሽ፣ በ1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርዒት ተዘጋጅቶ የተማሪ ተቃውሞ ያስነሣው በዚሁ ጉዳይ ነው። ስለዚህ አጭር ቀጥ ያለ ቀሚስ ከጎፈሬ ጋር ለዚያ ዘመን ኢትዮጵያዊት ልክ ነው። ቤተሰብ ዘንድ የፎቶ ቤት ፎቶ ካለ አውጥተሽ የቀሚሱን ርዝመትና የኮሌታውን ቅርጽ እዪበት፤ ከኢንተርኔቱ ይሻላል።

መርፌና ክር

ልጄ፣ የሚሰፋልሽ ቀሚስ ከትከሻ ተነሥቶ፣ ወገብ ላይ ሳይያዝ፣ ወደ ታች ትንሽ እየሰፋ የሚወርድ ነው። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄደሽ «የስድሳዎቹ ቀሚስ» ብቻ ብትዪ ወገቡን ይዞ፣ ዳሌውን አጥብቆ ይሰጥሻል፤ የሁላችንም እጅ የለመደው እሱን ነው። «ወገብ አይያዝም» የሚለውን ልኬቱ የተጻፈበት ወረቀት ላይ አስጽፊው።

ልኬቱ እንዲህ ነው። ደረትና ዳሌ ላይ ከገላሽ 8 ሳ.ሜ. ትርፍ ይኑር። ከብብት በታች እያንዳንዱ የጎን ጠርዝ ታች እስኪደርስ 4 ወይም 5 ሳ.ሜ. ወደ ውጭ ይውጣ፤ ጠርዙ አራት ስለሆነ የታችኛው ዙሪያ በጠቅላላ ከ16 እስከ 20 ሳ.ሜ. ይሰፋል። ከዚህ ካለፈ የእርጉዝ ቀሚስ ይሆናል፣ ካነሰ ደግሞ ስትራመጂ ጉልበትሽን ይይዛል። የትከሻው ስፌት ከትከሻ አጥንትሽ 1 ሳ.ሜ. ወደ ውስጥ ይግባ፣ እጅጌውም ከብብትሽ ጠጋ ብሎ ከፍ ይበል። የዚያ ዘመን ልብስ ትከሻው ጠባብ ነው፤ ትከሻው የወረደ እንደሆነ የቀረው ሁሉ ልክ ቢሆን እንኳ የተዋሱት ልብስ ይመስላል።

ብዙ ሰፊ የሚዘለው ነገር አለ፤ ከጎን ስፌት ወደ ጡት የሚሄደውን አጭር ማጥበቢያ ስፌት። ወገብ ስለማይያዝ አያስፈልግም ይሉሻል። ያስፈልጋል። እሱ ከሌለ ጡት ጨርቁን ወደ ላይ ይስበውና የፊቱ ጫፍ ከኋላው 2 ወይም 3 ሳ.ሜ. ተሰቅሎ ይቀራል፣ ጎንሽ ላይም የተንጋደደ እጥፋት ይሠራል። የማጥበቢያው ጫፍ ከጡት ጫፍ 2.5 ሳ.ሜ. መለስ ብሎ ይቁም፤ እስከ ጫፉ ከተሰፋ ሾጣጣ ይሆናል።

ርዝመት፦ ባንቺ ቁመት ከትከሻ እስከ ጉልበት መሐል ወደ 96 ሳ.ሜ. ይመጣል፤ 86 ላይ ካለቀ ከጉልበት አንድ 10 ሳ.ሜ. ከፍ ይላል። መጀመሪያ በስፒል ተይዞ ወንበር ላይ ተቀመጪበት፣ ከዚያ ወስኚ፤ ቆማ ለክታ ተቀምጣ የምትጸጸት ብዙ ናት። ቅምቅማቱ 5 ሳ.ሜ. ጥልቀት ኖሮት በእጅ ይሰፋ። ያ ክብደት ነው ጫፉን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው፤ አጠረኝ ካልሽም የሚለቀቅ ጨርቅ ይኖርሻል።

ጨርቁ 150 ሳ.ሜ. ስፋት ካለው 1.75 ሜትር ረጅም እጅጌን ጨምሮ ይበቃል፤ ፊትና ኋላው ጎን ለጎን ስለሚወጣ ነው። ስፋቱ 110 ሳ.ሜ. ብቻ ከሆነ 2.6 ሜትር ግዢ። ባለ ካሬ ከመረጥሽ መስመሩን ጎን ላይ ለማገናኘት 25 ሳ.ሜ. ጨምሪበት። የኋላ ዚፕ 55 ሳ.ሜ.። ዓይነቱ ጋባርዲን ወይም የሱሪ ሱፍ ይሁን። ሱቅ ውስጥ እንዲህ ፈትኚው፦ ጨርቁን ጠርዙ ላይ በሁለት ጣት አንሥተሽ ያዢ፤ እንደ ውኃ ከወረደ ተዪው፣ ቆም ብሎ ሰፋ ያለ እጥፋት ከሠራ እሱ ነው። የሚሳብ ጨርቅ በፍጹም፤ ቀሚሱ ቅርጹን የሚያገኘው ከጨርቁ ድርቀት ነው እንጂ ከገላሽ አይደለም። ሱፉ ሳይቆረጥ በፊት እርጥብ አቡጀዲ ከላዩ ተነጥፎ በካውያ እንፋሎት ይሰጠው፣ አለዚያ የመጀመሪያው ተኩስ ላይ ይሰበሰባል።

ነጭ ክብ ኮሌታ ካማረሽ ስፋቱ 6 ወይም 7 ሳ.ሜ. ይሁንና እንዲወልቅ ጠቅ በሚለው ትንሽ ቁልፍ አንገት ላይ ይያዝ፤ ፋውንዴሽን ነጭ ኮሌታን በአንድ ምሽት ያበላሸዋል፣ ብቻውን ይታጠብ። የኮሌታው የታችኛው ጨርቅ ከላይኛው 2 ሚ.ሜ. አንሶ ይቆረጥ። እኩል ከተቆረጠ ጫፉ ወደ ላይ ይገለበጣል፣ ካውያም አያስተካክለውም።

የማራኪዋ

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ማን ይነግረኝ ነበር። ገበሩን ብተወውስ? ርካሽ ፖሊስተር ጋባርዲን ነው ያየሁት፣ የሰናፍጭ ቢጫ።

መርፌና ክር

ቀለሙ ጥሩ ነው። ገበሩን ግን አትተዪ፣ በተለይ ፖሊስተር ከሆነ። ኅዳር ላይ አየሩ ደርቋል፤ ፖሊስተር ከስቶኪንግ ጋር ሲፋተግ ኤሌክትሪክ ይይዝና ቀሚሱ ጭንሽ ላይ ተለጥፎ ወደ ላይ ይወጣል። 1.2 ሜትር የሬዮን ወይም የጥጥ ገበር በቂ ነው፤ የፖሊስተር ገበር ካስገባሽ ግን ያው ነው። ገበሩ ከቀሚሱ 3 ሳ.ሜ. ይጠር፣ ታች ላይም አይያያዝ።

ኩሏ

አመዱ ከየት እንደሚመጣ እንይ፣ መፍትሔውም እዚያው ነው። ንጹሕ ነጭ ቀለም ጠይም ቆዳ ላይ ሲሳሳ ከሥሩ ያለው ቡናማ ያልፍበትና ግራጫ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ አንደኛ፣ ነጩን ተዪውና ወደ ቅቤ ቀለም የሚያደላ፣ የማያብረቀርቅ አይሻዶ ውሰጂ። ሁለተኛ፣ ከሥሩ ከቆዳሽ ሁለት ደረጃ ፈካ ያለና ወደ ቢጫ የሚሄድ ኮንሲለር በስሱ ቀቢና ፓውደር ነካ አድርጊበት፤ ከዚያ አይሻዶውን በጣት ተጭነሽ አስቀምጪ፣ በብሩሽ አትጥረጊ። የሚሸፍነው ሲከደን የሚታየውን ቆብ ብቻ ነው። እስከ ቅንድብ ካደረስሽው ዘመኑን አለፍሽ።

የዚያን ዘመን ዐይን የሚያደርገው እጥፋቱ ላይ ያለው መስመር ነው። መስታወቱን በቀጥታ እያየሽ፣ ዐይንሽን ሳትከድኚ፣ ከራስሽ እጥፋት 2 ወይም 3 ሚ.ሜ. ከፍ አድርገሽ በጥቁር ቡናማ እርሳስ ቅስት ሥሪ። ከድነሽ ከሠራሽው ስትገልጪ ተውጦ ይጠፋል፤ ዘጠኝ ጊዜ በአሥር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ላይ ብቻ አደብዝዢው፣ የታችኛው ጠርዝ ስል ሆኖ ይቅር። ከተዛባ ጥጥ በተጠቀለለበት እንጨት ከሥሩ ጥረጊና ቅቤውን ቀለም መልሰሽ ሙዪበት።

አይላይነሩ ከላይ ሽፋሽፍት ሥር መሐሉ ላይ 2 ሚ.ሜ. ይወፍር፣ ጫፉ 3 ወይም 4 ሚ.ሜ. ብቻ ቀጥ ብሎ ይውጣ። እንደ ድመት ወደ ላይ የተመለሰው ጅራት ከዚያ በፊት ከነበረው አሥር ዓመት ነው። ከታች ደግሞ እንደ እንግሊዟ ሞዴል ትዊጊ ያሉት የሚታወቁበት የተሣለ ሽፋሽፍት አለ፦ በቀጭን ጫፍ አይላይነር ከውጭው ጥግ ጀምረሽ እስከ ዐይን መሐል አምስት ወይም ስድስት ጭረት፣ እያንዳንዱ 3 ሚ.ሜ.፣ ወደ ውጭ ያዘመመ፣ ወደ መሐል ሲሄድ እያጠረ። ሁሉንም እኩል ካደረግሽው ሸረሪት ነው። ከጭረቱ በፊት ፓውደር ካልተነካ፣ ስትስቂ ከሥሩ ያለው ክሬም ቀለሙን ያንሸራትተዋል።

ኩሉን በሚመለከት ጎንደሬ አትቆጣኝና፣ ለዚህ መልክ የታችኛው የዐይን ጠርዝ ውስጥ ጥቁር ኩል አይገባም። ዐይንን ያጠባል፤ የተፈለገው ደግሞ ዐይን ፊትን እንዲሞላ ነው። እዚያ የቅቤ ቀለም እርሳስ አስገቢ። የተፈጨ የድንጋይ ኩል እርሳስ የተባለው ብረት ሊኖርበት ስለሚችል ከየት እንደመጣ የማይታወቀውን ለዐይን ውስጥ አልመክርም።

አርቴፊሻል ሽፋሽፍት ከለጠፍሽ ከዐይንሽ ጋር ለክተሽ ትርፉን ከውጭው ጫፍ ቁረጪ፣ ከውስጠኛው አይደለም። ሙጫውን ቀብተሽ 30 ሰከንድ ጠብቂ፤ ወዲያው ካስቀመጥሽው ይንሸራተታል። ብዙዎቹ ሙጫዎች ላቴክስ ስላላቸው ከአንድ ቀን በፊት ክንድሽ ላይ ሞክሪ።

ከንፈር ላይ ኮንሲለር እንዳትቀቢ፣ የታመመ ሰው ከንፈር ነው የሚሆነው። ዙሪያውን ከራስሽ ከንፈር ጋር በሚቀርብ ቡናማ እርሳስ ያዢ፣ መሐሉን ካራሜል ወይም ወደ ኮክ ፍሬ የሚሄድ ቡናማ፣ ከዚያ በሶፍት አንዴ ተጫኚ። የገረጣ ማለት ከዐይኑ ያነሰ ማለት ነው፤ ነጭ ማለት አይደለም። ለማመሳከሪያ ደግሞ የትዊጊን ፎቶ ብቻ አትዪ። በመጋቢት 1966 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ቮግ ሽፋን ላይ የወጣችውን ሞዴል ዶንያል ሉናን ፈልጊ፣ በዚያ ሽፋን የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እሷ ናት፤ በጣቶቿ መሐል አንድ ዐይኗን ብቻ አሳይታለች፣ ያቺ አንዲት ዐይን ትምህርት ቤት ናት።

ሚዶ

ለፀጉሩ እኔም ከባለአልበሟ ጋር ነኝ፤ ጎፈሬ። ሲሳብ ትከሻ የሚደርስ ፀጉር በራሱ ሲሰበሰብ ግማሽ ገደማ ያጥራል፣ ለክብ ቅርጽ ደግሞ የሚፈለገው ያ ነው።

ከሁለት ቀን በፊት ታጠቢ። ቅቤ ያደረግሽ እንደሆነ ሁለቴ በሻምፖ ይውጣ፤ ቅቤ የቀረበት ፀጉር አይቆምም፣ በዚያ ላይ በ10 ሰዓት ፀሐይ ወደ ግንባርሽ ይወርድና የኩሏን ሥራ ያጥባል። በማግሥቱ፣ ማለትም ከዝግጅቱ በፊት ባለው ማታ፣ ፀጉሩን በውኃ አርጥበሽ ከ8 እስከ 10 ጉንጉን ሥሪና ጫፎቹን በትንሹ ቢጎዲን ጠቅልዪ። ጫፉ ካልተጠቀለለ ጎፈሬው ከሥሩ ሞልቶ ከጫፉ ቀጥ ያለ ጭራሮ ይሆናል። በደንብ እስኪደርቅ አትፍቺ። ጠዋት ጉንጉኑን መሐሉ ላይ ያዝ አድርጊው፤ ከቀዘቀዘ ገና እርጥብ ነው፣ ካስኮ ሥር በዝቅተኛ ሙቀት ተቀመጪ። በእርጥቡ የተፈታ ፀጉር ለአንድ ሰዓት ያምርና ከዚያ ይተኛል።

ስትፈቺ መዳፍሽ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዘይት ብቻ። እያንዳንዱን ጉንጉን ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ለያይተሽ ሚዶውን ከሥሩ አስገቢና ወደ ላይ አንሺ፤ እስከ ጫፉ አትጎትቺ፣ ማታ የጠቀለልሽው ይፈታል። ቅርጹ የሚቆረጠው በደረቁ ነው። አንድ ሰው ከአራቱም አቅጣጫ ይይልሽ፣ የራስን የኋላ ክብ በመስታወት መቁረጥ አይሆንም። ግንባር ላይ 5 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ሻርፕ ከፀጉሩ መነሻ 4 ሳ.ሜ. ወደኋላ ገብቶ ቢታሰር ኮሌታውን ያስታውሳል፤ ከቀሚሱ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ግን አይሁን።

በቺካጎ በ1960 እ.ኤ.አ. የተፈጠረውን የንብ ቀፎ የሚመስለውን ከፍ ያለ ፀጉር ከፈለግሽ ግን ፀጉሩ በፎን መሳብ አለበት፣ አናቱ ውስጥ ደግሞ በመረብ የተጠቀለለ የሹሩባ ፀጉር፣ በግምት 12 በ7 ሳ.ሜ.፣ ትራስ ሆኖ ይገባል። ትራስ የሌለው ቀፎ ከራት በፊት ይጎድላል። ሲፈታ ከጫፍ ወደ ሥር፣ በጣትና በኮንዲሽነር ነው፤ በደረቁ ማበጠሪያ የሚሞክረው ሰው ፀጉሩን ሰብሮ ይወጣል። ሌላው ችግር ባጃጅ ነው። 10 ሳ.ሜ. የተቆለለ ፀጉር ጣሪያው ላይ ይጨፈለቃል፣ አንገትሽን አዝመሽ ከአዘዞ እስከ ፒያሳ መምጣት ደግሞ አንቺው ታውቂዋለሽ። ጎፈሬ ተጨፍልቆም በሚዶ ሁለት ጊዜ ሲነካ ይመለሳል።

የአራዳ ልጅ

እታለም፣ የቀረውን እኔ ልበል። ጫማ፦ ከ3 እስከ 4 ሳ.ሜ. ታኮ፣ ወፍራም፣ ፊቱ ክብ ወይም አራት ማዕዘን። የታኮው መሬት የሚነካ ክፍል 3 በ3 ሳ.ሜ. ካላነሰ ኮብልስቶኑ መሐል አይገባም። ቀጭን ታኮ እዚህ ከተማ ድንጋዩ መሐል ተሰክቶ ላስቲኩን ጥሎት ይወጣል፣ ደግሞም የፈረንጆቹ ሃምሳዎቹ ነው። ከሳልቫጅ ነጭ አጭር ቡትስ ካገኘሽ ሶሉን አጥፈሽ ፈትኚው፤ ስንጥቅጥቁ ከታየ ምሽቱ ሳያልቅ ይፈርሳል።

ስቶኪንግ 60 ወይም 80 ዴኒየር (የውፍረቱ መለኪያ ነው)። ሳስቶ ቀለሙ የፈካ ከሆነ ጠይም እግር ላይ ያው አመድ ነው። ጥቁሩ ይሆናል፤ ለሰናፍጭ ቢጫ ግን ጥቁር ቡናማ ወይም የወይን ጠጅ ቀለም ይበልጥ ያምራል።

ስለ ብርዱ፦ ከተማው ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፣ ፀሐይ እንደገባች ይቀዘቅዛል። በጥቅምት አንድ አጥንት የተባለው ለኅዳርም ይሠራል። ረጅም እጅጌ ከሚሰፋ እጅጌ የሌለው ቀሚስ ተሰፍቶ ከሥሩ አንገቱ ረጅም ቀጭን ሹራብ ቢገባ ለቀኑም ለማታውም ይሆናል። ጨርቁም 1.2 ሜትር ላይ ይቆማል። እንዲህ ከሆነ ግን ነጩን ኮሌታ ተዪው፤ ኮሌታና የሹራብ አንገት አብረው አይሄዱም። ካፖርት ከሳልቫጅ ስትመርጪ ወገቡ ያልተያዘና ከቀሚሱ 3 ሳ.ሜ. የሚረዝም ይሁን፣ ቁልፎቹን አውጥተሽ አራት ባለ 3.5 ሳ.ሜ. ክብ ቁልፍ አስተክዪ። ዘመኑን የሚቀይረው ቁልፉ ነው። የቁልፉ ቀዳዳ ካልሰፋ ግን አይገባም፤ ቁልፉን ከላይ አሰፍተሽ ከሥሩ ጠቅ የሚለውን አድርጊ።

ፎቶው ላይ፦ ግንቡ ቡናማ ድንጋይ ነው፣ የሰናፍጭ ቢጫ እዚያ ጎልቶ ይወጣል፤ ቡናማና የወይራ አረንጓዴ ግን ግድግዳው ውስጥ ይሰምጣሉ። ፒያሳ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ቢጫ የተቀቡት የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎች ፊት ቢጫ ቀሚስ ይጠፋል፤ እዚያ ካፖርቱን ልበሺ። ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ተኩል ብርሃኑ ጎን ለጎን ስለሚመጣ ዐይን ላይ ያለው መስመር ይታያል፤ ከዚያ በፊት ፀሐይዋ ከላይ ሆና ቅንድብሽ ጥላ ይጥልበታል።

ቀኑ ኅዳር 12 ላይ ከዋለ ይለወጥ። ኅዳር ሲታጠን ከተማው ሁሉ ጭስ ነው፣ ሱፍ ደግሞ ሽታውን ይዞ ሳምንት ይከርማል። ባይለወጥ እንኳ ቀሚሱን ውጭ አታስጪ።

የማራኪዋ

እሺ፣ በሁለቱም አቆጣጠር የሚያስኬደውን መረጥኩ፤ እጅጌ የሌለው ቢጫ፣ ጥቁር ሹራብ፣ ጎፈሬ። አንድ ብቻ ትቅረኝ፦ የትኛው ይቀድማል? ቀሚሱ በአናት ከገባ ፀጉሩም ፊቱም ይበላሻል ብዬ ነው።

መርፌና ክር

ሹራቡ በአናት ስለሚገባ እሱ ከሁሉ በፊት፣ ጉንጉኑ ሳይፈታ። ቀሚሱ ዚፑ እስከ ታች ተከፍቶ በእግር ይገባል፤ 55 ሳ.ሜ. ያልኩሽ ለዚሁ ነው፣ 40 ካስገቡልሽ ዳሌሽን አያልፍም። ከዚያ ትከሻሽ ላይ ፎጣ ጣል አድርገሽ ፊትሽን ሥሪ፣ ጉንጉኑን መጨረሻ ላይ ፍቺ። ማታ ሹራቡን ስታወልቂ ደግሞ አንገቱን በሁለት እጅ ዘርግተሽ በፊትሽ በኩል ይውጣ፣ ፀጉሩን በሻርፑ ሸብ አድርጊው።

ሚዶ

ሚዶውን ቦርሳሽ ውስጥ አትርሺ።